አንድ ፋብሪካ፣ ሁለት ስም፤ የይፋት ነጋዴ የትኛውን ይግዛ?

በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ የሽንኩርቱና የማሾው ገንዘብ ወደ ነጋዴው እጅ በሚገባበት ወራት በየቡና ቤቱ የሚነሣው ጭውውት ስለ መኪና ነው። አንዱ «ቶዮታ ካልሆነ አልገዛም» ሲል፣ ሌላው «ሱዙኪ በዚያው ሞተር በርካሽ ይገኛል» ብሎ ይመልስለታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሂዩንዳይን ከኪያ ያነጻጽራል። ክርክሩ እስከ ምሽት ይቀጥላል፤ ብዙውን ጊዜ ሳይጠየቅ የሚቀረው ግን እነዚህ ስሞች በእውነት የተለያዩ ፋብሪካዎች ልጆች ናቸው ወይስ የአንዲት እናት ልጆች የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የቡና ቤት ጨዋታ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በሸዋ ሮቢት በደረሰው ጥፋት ሱቁን፣ መጋዘኑንና መኪናውን ያጣ ነጋዴ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው መኪና ሲገዛ የሚገዛው ከትርፍ በተረፈ ሀብት ሳይሆን በብድርና በዕቁብ ገንዘብ ነው፤ አንድ ጊዜ ቢሳሳት ለሁለተኛ ምርጫ የሚሆን ገንዘብ የለውም።

የይፋት ነጋዴ ለእንዲህ ያለው ምርጫ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ሲራራ ነጋዴው ከታጁራና ከዘይላ መጥቶ በአልዩ አምባ ገበያ በሚያራግፍበት ዘመን የጭነት እንስሳ ሳይመርጡ መነገድ አይቻልም ነበር። ከአንዲት ባዝራ የተወለዱ ሁለት በቅሎዎች ለገበያ ቢቀርቡ፣ አንደኛዋ በግላስ አጊጣ፣ ሁለተኛዋ ባዶ ጀርባዋን ብትቆም፣ ብልህ ነጋዴ የግላሱን ጌጥ ትቶ ሰኮናዋንና ጀርባዋን ይመለከት እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ዛሬ በመኪናው አፍንጫ ላይ የሚለጠፈው አርማ ከዚያ ግላስ ብዙም አይለይም፤ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

እኅትማማች መኪናዎች የሚባሉት በአንድ ፋብሪካ ወይም በአንድ ባለቤት ሥር በሚተዳደሩ ፋብሪካዎች በአንድ ንድፍ ተሠርተው በልዩ ልዩ የንግድ ስም የሚሸጡት ናቸው። ሂዩንዳይ ኪያን በእጁ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ቱሳንና ስፖርቴጅ፣ አክሰንትና ሪዮ፣ አይ 10 እና ፒካንቶ በሞተርም በሻንሲም እየተዛመዱ መጥተዋል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሱዙኪ አክሲዮን ወደ አምስት በመቶ የሚጠጋውን ለመግዛት ተስማምቷል፤ በተከታዩ ዓመት ስታርሌት የሚል ስም ተሰጥቶት ወደ አፍሪካ ገበያ የገባው የቶዮታ መኪና በሕንድ አገር በሱዙኪ ፋብሪካ የሚሠራው ባሌኖ ነበር። አርማው፣ የፊቱ ፍርግርግና ጥቂት ጌጥ ቢለወጥ እንጂ ሞተሩ የሱዙኪ፣ ካምቢዮው የሱዙኪ፣ በሩም የሱዙኪ ነው። እንዲሁም በአዲስ አበባ በታክሲነት ሲሠራ የሚታየው ቶዮታ አቫንዛ በኢንዶኔዥያ የዳይሃትሱ ፋብሪካ የሚሠራ ሲሆን፣ እዚያው አገር ውስጥ «ዜንያ» የምትባል የዳይሃትሱ እኅት አለችው።

«ቶዮታ ነው፤ ስለዚህ አያሳፍርም» የሚለው አነጋገር በዚህ ላይ ይፈተናል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ዳይሃትሱ በደኅንነት ምርመራ ላይ ማጭበርበር መፈጸሙ ሲገለጥ ጉዳዩ የነካቸው የመኪና ዓይነቶች 64 ነበሩ፤ ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ የቶዮታን ስም ለብሰው የተሸጡ ናቸው። ትልቁ ስም ትንሿን እኅት ከስሕተት አላዳናትም፤ ይልቁንም የትንሿ ጥፋት በትልቁ ስም ላይ ተጻፈ።

ነገሩ ለሮቢት ሰው አዲስ ነው ለማለትም አይቻልም። በአዋሽ በኩል ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ ከመከፈቱ በፊት ከአዲስ አበባ ወደ አሰብ የሚሄደው ካሚዮን ጣርማ በርን ወርዶ በሮቢት አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ያልፍ ነበር። ሹፌሮቹ «ኤን ትሬ» እያሉ የሚጠሩት ፊያት 682 በዚያ መንገድ ላይ የነበረውን ክብር ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች ያስታውሱታል። ኦ.ኤም. የተባለው የኢጣልያ ካሚዮን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ በፊያት ሥር ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ሁለቱም ኢቬኮ በሚል አንድ ስም ውስጥ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1970 ተመሥርቶ በአዲስ አበባ የፊያትን ካሚዮን ይገጣጥም የነበረው ፋብሪካም ሥራውን በኢቬኮ ስም ቀጠለ። አርማው ተለወጠ፤ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራና ቴስታታ የሚሉት የኢጣልያ ቃላት ግን በመካኒኩ አፍ እስከ ዛሬ አሉ። መካኒኩ የለመደው የብረቱን አሠራር እንጂ በላዩ የተጻፈውን ስም አልነበረም።

ለእኛ ገበያ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን «አባይ» የተባለው አውቶሞቢል ነው። ሆላንድ ካር የተባለው የኢትዮጵያና የሆላንድ ሰዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ተቋቁሞ መኪና ሲገጣጥም ለምርቶቹ የወንዞቻችንን ስም ሰጣቸው። «አባይ» ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ሲሆን፣ በእውነቱ የቻይናው ሊፋን 520 ነበር። ቆየት ብሎም ሊፋን ራሱ በራሱ ስም በኢትዮጵያ መገጣጠም ጀመረ። ስለዚህ አንድ መኪና በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጎዳና ላይ፣ በሁለት ስም ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ገደማ ሆላንድ ካር ሲዘጋ «አባይ» የሚለውን ስም ይዞ የቀረው ባለመኪና ወኪልም ዋስትናም አጣ። ሆኖም መኪናው ሊፋን መሆኑን ያወቀ ሰው የመለዋወጫ ዕቃ ለመፈለግ የሚሄድበት ሌላ በር ነበረው፤ ይህን ያላወቀው ግን «የአባይ ዕቃ አለ?» እያለ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር «የለም» ከሚል መልስ በቀር የሚያገኘው አልነበረም። እናቲቱም ብትሆን ለዘለዓለም አልቆመችም፤ ሊፋን እ.ኤ.አ. በ2020 በዕዳ ምክንያት በቻይና ፍርድ ቤት ሥር እንደገና መደራጀት ግድ ሆነበት። መኪና የሚገዛ ሰው ልጂቱን ብቻ ሳይሆን እናቲቱንም መርምሮ መግዛት እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም።

በሌላ በኩል መመሳሰል ሁሉ እኅትነት አይደለም። ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ በታክሲነት ያገለገለው ላዳ ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ባደረጉት ውል መሠረት ከፊያት 124 የተወለደ መኪና ነው። ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ነገር ግን ሩስያውያኑ ለመንገዳቸው ሲሉ ሞተሩን በሌላ ሠርተውታል፤ የኋላውን የዲስክ ፍሬንም በከበሮ ፍሬን ለውጠውታል። የፊያት ቴስታታ ለላዳ እንዲገጥም የሚመኝ ሰው ገንዘቡን ይጥላል። እንዲህ ያለው የአክስት ልጅ ሊባል ይችላል፤ የአክስት ልጅ ደግሞ ልብሱን ሁሉ አያዋስም።

የሮቢት ነጋዴ ምርጫ ከአዲስ አበባው ለምን እንደሚለይ መንገዱ ራሱ ይነግረዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ሮቢት ያለው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተበሳው የጣርማ በር ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 60 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሽንኩርት ጭኖ ወደ ላይ የሚወጣ መኪና ራዲያተሩን፣ ሸቀጥ ጭኖ ወደ ታች የሚወርድ መኪና ፍሬኑን ይፈትናል። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ሰንበቴ፣ ወደ ጀውሃ፣ ወደ ማጀቴ ገጠሮች የሚገባ መኪና ደግሞ ባሌስትራውንና ጎማውን ይጨርሳል። ስለዚህ እዚህ አገር መኪና ይሰበር ይሆን ወይ ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ መጠየቅ የሚገባው በተሰበረ ጊዜ ዕቃው በስንት ቀን ይመጣል ተብሎ ነው። ቲማቲምና ፓፓያ የጫነ ሰው በቆላ ሙቀት ሁለት ቀን ከቆመ የሚያስበው የመኪናውን ዋጋ ሳይሆን የጭነቱን ነው።

ሒሳቡን በቁጥር ማየት ይሻላል። ለምሳሌ ያህል፣ ከሁለት እኅትማማች መኪናዎች ስሟ የታወቀው በ200,000 ብር ትበልጣለች እንበል። ስሟ ያልታወቀው የመለዋወጫ ዕቃ ፍለጋ በዓመት ስድስት ቀን አብልጣ ትቆማለች፤ የአንድ ቀን የተጣራ ገቢዋም 5,000 ብር ነው። በዓመት 30,000 ብር፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር ይቀራል። በአራተኛው ዓመት ስትሸጥ ከእኅቷ በ100,000 ብር ታንሳለች። ድምሩ 220,000 ብር ሆነ፤ በርካሽ የገዛው ሰው 20,000 ብር ከሰረ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ያው ሰው የሁለቱ ዕቃ አንድ መሆኑን አውቆ በእኅቷ ስም የሚሸጠውን ዕቃ ያለ ፍርሃት ይገዛል እንበል። ስድስቱ ቀን ወደ አንድ ቀን ይወርዳል፤ የአራት ዓመቱ ጉዳት 20,000 ብር ብቻ ይሆናል፤ በሽያጭ የሚቀንሰው 100,000 ብር ሲደመርበት 120,000 ብር ነው። በዚህ ጊዜ 80,000 ብር አተረፈ። መኪናዋ አንድ፣ መንገዱም አንድ ነው፤ በሁለቱ ሒሳቦች መካከል ያለው የ100,000 ብር ልዩነት የመጣው ባለቤቱ ስለ መኪናዋ ዝምድና ከማወቁ ብቻ ነው። ይህን ያህል ዋጋ ያለው ዕውቀት ደግሞ ዛሬ የሚገኘው በሻጩ መዝገብ ውስጥ እንጂ በገዢው እጅ አይደለም።

ስም ዋጋ የለውም የሚለውንም አነጋገር እንደዚሁ መቀበል አይገባም። በአገራችን የቶዮታ ስም እንደ ጥሬ ገንዘብ ይቆጠራል፤ ለብድር መያዣ የሚገምተውም ሰው፣ ገበያ ላይ የሚደልለውም ሰው ስሙን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። እንግዲህ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ መኪናውን ሸጦ ገንዘቡን ወደ ንግዱ ለመመለስ ያሰበ ሰው ለስሙ አብልጦ ቢከፍል ሞኝ አይባልም፤ ስሙ በተሸጠ ጊዜ ይመልስለታልና። መኪናውን እስኪያልቅ ድረስ ሊሠራበት የሚፈልግ ሰው ግን ለአርማ የሚከፍለው ብር ዳግመኛ አይመለስም። ለሮቢት ባለሱቅና ለአጣዬ ሽንኩርት ነጋዴ፣ መኪናውን ሰባትና ስምንት ዓመት ለሚይዘው ሰው፣ ርካሿ እኅት ትሻለዋለች፤ ይኸውም ዕቃዋ ከእኅቷ ጋር አንድ መሆኑ ከተረጋገጠና የሚያውቃት መካኒክ በደብረ ብርሃን ወይም በቅርብ ከተገኘ ነው። እነዚህ ሁለቱ ካልተሟሉ ርካሽነቷ የውሸት ነው።

እናቲቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው ድካም ብዙ አይደለም። በሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ መጀመሪያዎቹ የሚናገሩት የተሠራበትን አገርና ፋብሪካ ነው። «ጄ» ብሎ የሚጀምረው የጃፓን፣ «ኤል» ብሎ የሚጀምረው የቻይና ነው፤ «ኤም ኤ» የሕንድ፣ «ኬ ኤም» ደግሞ የኮርያ ነው። አፍንጫው ላይ የጃፓን ስም የለጠፈ መኪና ሻንሲው ሕንድ ቢል ሐሰት ሆነ ማለት አይደለም፤ በሕንድ የተሠራ ደኅና መኪና ብዙ ነው። ነገር ግን ገዢው የጃፓን ሥራ ነው ተብሎ የተጨመረበትን ዋጋ ለመከራከር የሚያስችለው ማስረጃ በእጁ ገባ። አርማ በማጣበቂያ ይለጠፋል፤ የሻንሲው ቁጥር ግን ከብረቱና ከሊብሬው ጋር መስማማት አለበት።

የመንግሥት ቀረጥም በእኅትማማቾች መካከል ገብቷል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ የሞተሩ ይዘት ከ1,300 ሲሲ ለማይበልጥ አዲስ አውቶሞቢል 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ ላለው 60 በመቶ ደንግጎ ነበር። 1,197 ሲሲ ሞተር ያለው ሱዙኪ ዲዛየር በአዲስ አበባ ታክሲዎች መካከል እንዲያ የበዛበት አንዱ ምክንያት ከዚህ አይርቅም። አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ለብሰው ሞተራቸው ጥቂት የሚለያይ ሁለት እኅትማማቾች ቀረጡ ላይ ሲደርሱ እንደ ባዕድ ይለያያሉ።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ ጥያቄው ወደ ኤሌክትሪክ መኪናዎች ተዛውሯል። ከዚህም ላይ እኅትማማቾች አልታጡም። ከቻይና በብዛት የገቡት የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 መኪናዎች በዚያ አገር በሁለት ኩባንያዎች ይሠራሉ፤ ከፋው ጋር በሽርክና የሚሠራው «ክሮዝ» ሲባል፣ ከሳይክ ጋር የሚሠራው «ኤክስ» ይባላል። ሁለቱም ቮልስዋገን ናቸው፤ የሚሠሩበት መሠረታዊ ንድፍም አንድ ነው። ግን የፊት መብራታቸውና ፓራውልታቸው የተለያየ ነው፤ በደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ፓራውልቱን የሰበረ ሰው «አይዲ 4» ብሎ ብቻ ቢያዝ የማይገጥም ዕቃ ሊመጣለት ይችላል። ቶዮታ ቢዚ 4 ኤክስም ሶልቴራ የምትባል የሱባሩ እኅት አለችው። ሞተሩ ውስጥ የሚፈሰው ዘይት ቀርቶ በምትኩ የሚነበበው የኮምፒውተር ትእዛዝ በሆነበት መኪና ላይ እኅትነትን በዓይን መለየት ይበልጡን ያስቸግራልና፣ ባለሱቁም ባለጋራዡም በወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ያስፈልጋቸዋል።

ስለዚህ አስመጪዎች ሊያደርጉት የሚገባ ነገር አለ። ለገዢው በሚሰጡት ፋክቱር ላይ ሦስት መስመር ቢጨምሩ ምንም አይከስሩም፦ መኪናው በየትኛው አገር፣ በየትኛው ፋብሪካ እንደ ተሠራ፤ በሌላ ገበያ በምን ስም እንደሚሸጥ፤ ከእኅቱ ጋር የማይለዋወጡት ዕቃዎች የትኞቹ እንደሆኑ። አንዳንድ አስመጪ «እንዲህ ብንጽፍ ገዢው ርካሿን ይመርጣል» ብሎ ይፈራ ይሆናል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ በእርግጥም አንዳንዱ ርካሿን ይመርጣል። ነገር ግን ዛሬ ስሙን አምኖ አብልጦ የከፈለ ነጋዴ ነገ እውነቱን ከመካኒክ አፍ በሰማ ጊዜ ወደዚያ አስመጪ በር አይመለስም፤ የሮቢት፣ የአጣዬና የከሚሴ ነጋዴ ደግሞ በአንድ ገበያ ቀን ተገናኝቶ ወሬ የሚለዋወጥ ሕዝብ ነው።

የመለዋወጫ ዕቃ ሻጮችን በሚመለከትም እንዲሁ ነው። አንድ የፍሬን ሸራ በሁለት ካርቶን፣ በሁለት ስም፣ በሁለት ዋጋ ሲሸጥ ይታያል፤ ዋጋው የበለጠው ትልቁን ስም የያዘው ነው። ሕግ ያልጣሰ ቢሆንም ለጊዜው ብቻ የሚያዋጣ አሠራር ነው። የሁለቱን እኅትማማቾች ዝምድና አጥንቶ በአንድ መደርደሪያ ሁለት ዓይነት መኪና የሚያገለግል የሮቢት ባለሱቅ ግን በዕቃ ላይ የሚያስረው ገንዘብ ወደ ግማሽ ይወርድለታል፤ ደንበኛውም ሽንኩርቱን በመንገድ ዳር ሳያበሰብስ በዚያው ቀን ጣርማ በርን ይወጣል።